ጎግል የሌለውን ስልክ ከመግዛትዎ በፊት፦ ብዙም ያልተለመደ ስርዓተ ክወና ያለው ስልክ ለመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ውስጥ ሰዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ሲደጋግሙ ስላየሁ ነው። ገዢው ካሜራውን፣ ቅጥነቱንና የስክሪኑን ጥራት አይቶ ስልኩን አስቀድሞ ይወደዋል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱ ከገባ በኋላ የባንክ መተግበሪያውን ሊጭን ሲሞክር "ይህ መሣሪያ አይደገፍም" የሚል ጽሑፍ ይገጥመዋል። በሳምንቱ ስልኩን በግማሽ ዋጋ የሚወስድለት ሰው ሲፈልግ ይገኛል።

ስርዓተ ክወና ማለት ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር ነው። ብዙም ያልተለመደ ስርዓተ ክወና የምለው፣ አይፎንንና ከጎግል አገልግሎት ጋር የሚመጣውን መደበኛ አንድሮይድ ትቶ የቀረውን ሁሉ ነው፤ ይኸውም የሁዋዌው ሃርመኒ ኦኤስ፣ በቁልፍ ስልኮች ላይ የሚገኘው ካይ ኦኤስ፣ ሴይልፊሽና ኡቡንቱ ታች፣ እንዲሁም ከአንድሮይድ ተነሥተው ጎግልን ያስወጡት ኢ ኦኤስ፣ ሊኒየጅ ኦኤስና ግራፊን ኦኤስ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ጥፋት አይደለም፤ እኔም ከእነሱ በአንዱ እጠቀማለሁ። ጥፋቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች አይዝለሉ። ስልኩ ራሱ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ሳይገቡ የሰባት ቀን መዝገብ ይያዙ

ወረቀትና እስክሪፕቶ ያዘጋጁ። አሁን ባለዎት ስልክ ለሰባት ቀን የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይሉ፣ ማታ ማታ ይጻፉ። ከዚያም እያንዳንዱን ሥራ ከሦስት በአንዱ ሥር ይመድቡት፦

1. ያለ እሱ መዋል የማልችለው፤
2. በአጭር ቁጥር ወይም በድረ ገጽ ልተካው የምችለው፤
3. ቢቀርም የማይጎዳኝ።

ምድቡ እንደየሰዉ ይለያያል። ባቲ ላይ በሰኞ ገበያ ከብት የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡ መግባቱን እዚያው ገበያ ላይ ሳያረጋግጥ ከብቱን ስለማያስረክብ፣ የመጀመሪያው ምድቡ የባንክና የቴሌብር ጉዳይ ነው። ሐይቅ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ሪያድ የምትሠራላቸው እናት ደግሞ ስለ ባንክ መተግበሪያ ግድ ላይሰጣቸው ይችላል፤ ኢሞ ካልሠራ ግን ስልኩ ለእሳቸው ባዶ ሣጥን ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስላመሰገነው ብቻ አንድን ስልክ አይግዙ፤ የጎረቤትዎ መዝገብ የእርስዎ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሰባት ቀን በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩትን ሥራ ላይዝልዎት ይችላል። የመብራት ሒሳብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ መተግበሪያ የሚረሱት በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡን ከመዝጋትዎ በፊት በስልክዎ ያሉትን መተግበሪያዎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ይለፏቸው።

ደረጃ 2፦ የትኛው ስርዓት ምን እንደሚከለክልዎት ይወቁ

ሻጭ ስልኩ የሚችለውን ይነግርዎታል፤ የማይችለውን ማወቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

*ሁዋዌ፣ ኢ ኤም ዩ አይ እና ሃርመኒ ኦኤስ።* በእኛ ገበያ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡ። አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ከጣለችው ገደብ ወዲህ የወጡት አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች የጎግል አገልግሎት የላቸውም፤ መተግበሪያ የሚወርደው አፕ ጋለሪ ከሚባለው የራሱ መደብር ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ስም የሚሸጡት ስልኮች በውስጣቸው አንድ አይደሉም። ከቻይና ውጭ ላለው ገበያ የተሠሩት ኢ ኤም ዩ አይ በሚባል ከአንድሮይድ በመነጨ ስርዓት ስለሚሠሩ የአንድሮይድ ኤፒኬ (የመተግበሪያ መጫኛ) ፋይል ይቀበላሉ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ሃርመኒ ኦኤስ ይዘው ይመጣሉ፤ እስከ 4 ባሉት ስሪቶች ኤፒኬ ይጫናል፣ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነው ከስሪት 5 ጀምሮ ግን ስርዓቱ ከአንድሮይድ ስለተለየ ኤፒኬ በቀጥታ አይጭንም። ሻጩ "ሁዋዌ ነው፣ ሁሉም ይጫናል" ቢልዎት አይከራከሩት፤ ስልኩን ተቀብለው በማስተካከያ ውስጥ "ስለ ስልኩ" የሚለውን ይክፈቱና የስሪቱን ቁጥር በዓይንዎ ያንብቡ። ስርዓቱ ሃርመኒ ኦኤስ ሆኖ ቁጥሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በመዝገብዎ የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ የኢትዮጵያ መተግበሪያ ካለ ስልኩን ይመልሱለት።

*ካይ ኦኤስ።* በቁልፍ የሚሠራ፣ ባትሪው የሚበረክትና ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ጥሪ፣ አጭር መልእክትና ቀላል የኢንተርኔት አገልግሎት ለሚበቃው ሰው መልካም ምርጫ ነው። ከካርቶኑ ላይ ባለው የዋትሳፕ ምልክት ግን አይታለሉ፤ ዋትሳፕ በ2024 እ.ኤ.አ. በካይ ኦኤስ ላይ አዲስ መጫንን አቁሟል፣ ቆየት ብሎም ድጋፉን ጨርሶ አንሥቷል። ከዚያ በፊት የታተመ ካርቶን አሁንም ምልክቱን እንደያዘ ሊሸጥ ይችላል።

*ግራፊን ኦኤስ።* የሚጫነው በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነው። ጎግል ፕሌይን እንደ ማንኛውም ተራ መተግበሪያ፣ ልዩ ሥልጣን ሳይሰጠው፣ እንዲጭኑ ስለሚፈቅድ ከጎግል መራቅ ለሚፈልግና የባንክ ጉዳይ ላለበት ሰው ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ሁሉንም የባንክ መተግበሪያ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ያገኙታል።

*ኢ ኦኤስ እና ሊኒየጅ ኦኤስ።* ብዙ ዓይነት ስልኮች ላይ ይጫናሉ። ኢ ኦኤስ የጎግልን አገልግሎት በከፊል የሚተካ ማይክሮ ጂ የሚባል ነገር አብሮት ይመጣል፤ ሊኒየጅ ግን ያለ ጎግል ባዶውን ነው የሚጫነው። ማይክሮ ጂ በሌለበት ማሳወቂያ የሚዘገይባቸውና ካርታ የማይከፍቱ መተግበሪያዎች ይበዛሉ።

*ሴይልፊሽ እና ኡቡንቱ ታች።* ሴይልፊሽ ጆላ የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ በሶኒ ኤክስፔሪያ ስልኮች ላይ ሲጫን የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚያስነሣው ክፍል የሚገኘው በሚከፈልበት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም በሁሉም አገር አይሸጥም። ኡቡንቱ ታች ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ነው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚያስነሣው ዌይድሮይድ በተባለ ተጨማሪ መንገድ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ወጣት ሁለቱም ጥሩ መማሪያ ናቸው፤ ብቸኛ ስልክ አድርጎ ለሚይዛቸው ሰው ግን አልመክርም።

*የሞቱ ስርዓቶች።* የዊንዶውስ ስልክ ድጋፍ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አብቅቷል፤ የብላክቤሪ 10 አገልግሎትም በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ያገለገለ ዕቃ ውስጥ በርካሽ ሲያገኟቸው እጅዎን ይሰብስቡ።

ደረጃ 3፦ የገንዘብ መተግበሪያዎችን ከስልኩ በፊት ይፈትኑ

ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ሲከፈቱ "ይህ ስልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ወይስ ተነካክቷል?" ብለው የጎግልን አገልግሎት ይጠይቃሉ። ጎግል ከሌለ መልስ አያገኙም፤ ስርዓቱ ተቀይሮ ከሆነም የሚያገኙት መልስ "ተነካክቷል" የሚል ይሆናል። በሁለቱም መንገድ መተግበሪያው ሊዘጋ ይችላል። የስልኩ ዋጋ መወደድ ወይም የሻጩ ቅንነት ይህን አይለውጠውም።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከጅዳ የመጣ ዘመድ ለቻይና ገበያ የተሠራ፣ ሲያዩት የሚያምር ስልክ አምጥቶልኝ፣ ያንኑ ቀን ቁጥሬን ወደ እሱ አዛውሬ አሮጌውን ለእኅቴ ልጅ ሰጠሁ። ማታ ላይ የባንኬ መተግበሪያ የመግቢያ ገጹን ለአንድ ሰከንድ ያህል አሳይቶኝ ይዘጋል፤ ስከፍተው ደግሞ ያሳየኛል፣ ይዘጋል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እስኪያልቅ ስታገል አምሽቼ፣ በነጋታው አሮጌውን ስልክ ከሕፃን ልጅ እጅ በለቅሶ ተቀብያለሁ። "አብሽር" ያለኝ ሰው ብዙ ነበር፤ መተግበሪያውን የከፈተልኝ ግን አልነበረም።

ፈተናው በዚህ ተራ ይካሄድ፦

1. በተመሳሳይ ስርዓትና በተመሳሳይ ስሪት የሚሠራ ስልክ ይፈልጉ፤ የሻጩ ማሳያ ስልክም ይሆናል።
2. ዋይፋይ ያገናኙና ከመዝገብዎ የመጀመሪያ ምድብ ያሉትን መተግበሪያዎች በስልኩ የራሱ መደብር ይፈልጉ።
3. ካልተገኙና ስልኩ ኤፒኬ የሚቀበል ከሆነ፣ አውሮራ ስቶር በተባለው መተግበሪያ በኩል ከጎግል ፕሌይ ያውርዷቸው።
4. እያንዳንዱን እስከ መግቢያ ገጹ ድረስ ብቻ ይክፈቱ። በሌላ ሰው ስልክ ላይ የይለፍ ቁጥርዎን በፍጹም አያስገቡ።
5. መግቢያ ገጹ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፤ ዘጋ ክፈት አድርገው ይድገሙት።

*ማስጠንቀቂያ።* የባንክ መተግበሪያን ኤፒኬ ከቴሌግራም ቻናል ወይም ጓደኛ ከላከልዎት ፋይል አይጫኑ። የተነካካ ፋይል የይለፍ ቁጥርዎን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እርስዎም የሚያውቁት ሒሳብዎ ባዶ ሲሆን ነው።

*መተግበሪያው እምቢ ቢል።* ያን ሥራ ወደ ሁለተኛው ምድብ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ። አጭር ቁጥር የሚሠራው በኔትወርኩ በኩል ስለሆነ ስርዓተ ክወናን አይመርጥም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በ*889#፣ ሲቢኢ ብር ደግሞ በ*847# ይከፈታሉ። ነገር ግን መክፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ባልተለመዱ ስርዓቶች ላይ የመጀመሪያው ዝርዝር ታይቶ መልስ ሲልኩ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ቁጥር መርጠው ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ዝርዝር ድረስ ይግቡ። በአጭር ቁጥር የኪው አር ምልክት ማንበብ እንደማይቻል ግን አይርሱ፤ ሱቅዎ ውስጥ ደንበኛ በኪው አር የሚከፍልዎት ከሆነ ይህ መፍትሔ አይሆንዎትም።

ደረጃ 4፦ ኔትወርኩን በሚኖሩበት ቦታ ይሞክሩ

ከመግዛትዎ በፊት የስልኩን ትክክለኛ የሞዴል ቁጥር፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን በካርቶኑ ላይ ያለውን የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ይጻፉ። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን የሞገድ ድግግሞሾች ይፈልጉ። ቢያንስ ለ2ጂ 900 እና 1800 ሜጋኸርዝ፣ ለ3ጂ 2100 ሜጋኸርዝ፣ ለ4ጂ 1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3፣ መኖሩን ያረጋግጡ። አንድ ስም ያለው ስልክ ለአሜሪካ፣ ለጃፓንና ለአውሮፓ ሲሠራ የሚቀበለው ሞገድ ሊለያይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የራስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉ፤ ይደወልልዎ። ፒያሳ ላይ አራቱም መስመር ስለሞላ አይዘናጉ። ጦሳ ሥር ካለ ሰፈር፣ ከሐረጎ መታጠፊያ ወይም ከኩታበር መንገድ ሲደርሱ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሻጩ ጋር የአንድ ቀን የመመለሻ ስምምነት በጽሑፍ ይያዙና ስልኩን ቤትዎ ውስጥ ይሞክሩት። ሻጩ እምቢ ካለ ቀብድ አስይዞ ስልኩን ለአንድ ሌሊት መውሰድን ይጠይቁ።

*ጥሪ ሲገባ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ* አይደንግጡ። ባልተለመዱ ስርዓቶች ላይ በ4ጂ መደወል ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ ስልኩ ለጥሪው ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ጥሪው ሲያልቅ ይመለሳል። *ጥሪው ጭራሽ ካልገባ* በማስተካከያ ውስጥ የኔትወርክ ዓይነቱን "4ጂ ብቻ" ከሚለው አንሥተው በራሱ እንዲመርጥ ያድርጉት። ይህም ካልፈታው ስልኩን ይመልሱ፤ ጥሪ የማይቀበል ስልክ በማሻሻያ ይስተካከላል ብለው ተስፋ አያድርጉ።

ደረጃ 5፦ ፊደሉን ይፈትኑ

ስልኩ አማርኛ ያሳያል ማለት አማርኛ ይጽፋል ማለት አይደለም፤ የፊደል ቅርጽና የመጻፊያ ገበታ ለየብቻ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። "ሰላም" ብለው ጽፈው አይበቃኝም ይበሉ፤ ሰላም በማንኛውም ገበታ ይጻፋል። ይልቁንስ የመልእክት መጻፊያውን ይክፈቱና "ቧንቧ ውሃ"፣ "ቋንቋ"፣ "ጧፍ"፣ "ሟርት" ብለው ይጻፉ። የደሴውን ቧንቧ ውሃ ሰፈር "ቡዋንቡዋ ውሃ" አድርጎ የሚያስጽፍዎት ገበታ በየቀኑ ያናድድዎታል። "ሿ"ንም ይሞክሩ፤ ሻጩ "ሿሿ" ሲሉ አይቶ ፊቱ ቢለዋወጥ ለፊደሉ ሲሉ መሆኑን ይንገሩት። አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ የት እንዳሉም ይፈልጉ።

ከዚያ ከሌላ ስልክ ከ70 ፊደል በላይ ያለው የአማርኛ አጭር መልእክት ወደ ስልኩ ይላኩ። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት ሳይቆራረጥ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ስለሆነ (በላቲን ሲሆን 160 ይይዛል) ረጅሙ ተቆራርጦ ይላክና ተቀባዩ ስልክ ላይ ይገጣጠማል። ቁርጥራጩ ለየብቻ ቢመጣ ወይም በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ቢታይዎ፣ በአማርኛ የሚደርስዎትን ማንኛውንም ረጅም መልእክት በዚያው መልክ እንደሚያዩት ይወቁ።

*ገበታው ካልተገኘ፦* ስርዓቱ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚቀበል ከሆነ ኪማን ወይም ስዊፍትኪ ጭነው አማርኛን ከውስጡ ይምረጡ። በካይ ኦኤስ ላይ ግን ገበታ መጨመር አይታሰብ፤ ይዞት የመጣው ነው የሚኖረው።

ደረጃ 6፦ ከጠጋኙ ጋር ይነጋገሩ

ስልኩን ከመግዛትዎ በፊት ስሙንና የሞዴል ቁጥሩን ይዘው ወደሚያውቁት ሞባይል ጠጋኝ ይሂዱና "ስክሪኑ ቢሰበር ታገኝልኛለህ?" ብለው ይጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ያልተለመደ ስልክ ይዤ ስሄድ፣ ልጁ ገልብጦ አየው፣ ጀርባውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያም መሳቢያውን ሳበ። በፕላስቲክ ተጠቅልለው የተደረደሩ ስክሪኖች ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል። ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ መሳቢያውን መለሰና ምንም ሳይናገር ስልኬን አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በገዛሁ ቁጥር መሸፈኛና የስክሪን መከላከያ ሳላገኝለት ከሱቅ አልወጣም።

ደረጃ 7፦ ክፍያና ርክክብ

በሱቅ ሲገዙ በዚህ ተራ ይሂዱ፦

1. *#06# ይደውሉ፤ የሚታየው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ።
2. ስልኩ ያገለገለ ከሆነ ሻጩ የራሱን የጎግል ወይም የሁዋዌ መለያ እንዲያስወጣ ያድርጉ፤ ከዚያም በፊትዎ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ይመልሰው። እንደገና ሲነሣ የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይግዙ። "ነገ አስከፍተዋለሁ" የሚለውን ቃል አይቀበሉ።
3. የስርዓቱን ስሪትና የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ያንብቡ። ከሁለት ዓመት በላይ ያልታደሰ ስልክ ላይ የገንዘብ መተግበሪያ አይጫኑ።
4. ደረሰኙ ላይ የሞዴል ቁጥሩ፣ የስሪቱ ቁጥርና የመመለሻው ቀን ይጻፍ።

ስልኩን ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚልክልዎት ዘመድ ካለ ነገሩ ይከብዳል፤ መመለስ አይቻልምና። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚከተለውን ይጻፉለት፦ "የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ለየትኛው አገር የተሠራ መሆኑን ጠይቅልኝ፤ በኦፕሬተር (በቴሌኮም ኩባንያ) የተቆለፈ እንዳይሆን፤ የሲም ማስገቢያ እንዳለው በዓይንህ እይ።" የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው ፒክስል 10 የሲም ማስገቢያ የለውም። በአሜሪካ ኦፕሬተር በኩል የተገዛ ፒክስል ደግሞ ሌላ ስርዓት እንዳይጫንበት ተቆልፎ ሊመጣ ስለሚችል ግራፊን ኦኤስ ለመጫን ካሰቡ ያልተቆለፈውን ብቻ ያስገዙ። ዘመድዎ ቅር እንዳይለው መልእክቱን በምርቃት ይጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ስርዓቱን ራስዎ የሚጭኑ ከሆነ

የሚከተለው የሚመለከተው ግራፊን፣ ሊኒየጅ፣ ኢ ኦኤስ፣ ሴይልፊሽ ወይም ኡቡንቱ ታች ለሚጭኑ ብቻ ነው።

*ዝግጅት።* ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ያዘጋጁ። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር አይጀምሩ፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ስልኩ ግማሽ ላይ ይቀራል። ስልኩን ከ70 በመቶ በላይ ቻርጅ ያድርጉ። የስርዓቱ ፋይል ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ጥቅል ሳይሆን በዋይፋይ አስቀድመው ያውርዱት። መረጃ የሚያስተላልፍ ኬብል ይያዙ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ኬብል ስልኩን ለኮምፒውተሩ አያሳየውም።

*ቅደም ተከተል።*

1. የስልክዎ የሞዴል ቁጥር በስርዓቱ ድረ ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። "የሚመሳሰል" የሚባል ነገር የለም።
2. ፎቶዎን፣ የስልክ ቁጥሮችዎንና የዋትሳፕ መልእክቶችዎን ቅጂ ወደ ላፕቶፕ ያስተላልፉ። በተራ ቁጥር 4 ላይ ቡትሎደሩ ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው መረጃ ሁሉ ይጠፋል።
3. በማስተካከያ ውስጥ የአልሚዎችን ክፍል (Developer options) ከፍተው ቡትሎደር፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ስርዓቱን የሚያስነሣው ክፍል፣ እንዲከፈት ይፍቀዱ፤ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ ስልኩን ኢንተርኔት አገናኝተው እንደገና ይሞክሩ። አሁንም ካልተነካ ስልኩ በኦፕሬተር የተቆለፈ ሳይሆን አይቀርም።
4. ቡትሎደሩን ይክፈቱ፤ ስርዓቱን የድረ ገጹን መመሪያ እየተከተሉ ይጫኑ። በዚህ ጊዜ ኬብሉን አይንኩት።
5. ቡትሎደሩን መልሶ መቆለፍ የሚገባው መመሪያው በግልጽ ሲያዝ ብቻ ነው። ግራፊን ኦኤስ እንዲቆለፍ ያዛል። ሊኒየጅ የጫኑበትን ስልክ ግን ቢቆልፉት ላይነሣ ይችላል።

*ኮምፒውተሩ ስልኩን ካላየው* ኬብሉን ይቀይሩ፣ ሌላ ቀዳዳ ይሞክሩ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያውቅ ስለሚያደርገው ሶፍትዌር) ያስቡ። ከአምስቱ አራቱ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። *ስልኩ ምልክቱን ብቻ እያሳየ ከቆመ* የማጥፊያና የድምፅ መቀነሻ ቁልፎቹን (በፒክስል እንዲህ ነው፤ በሌሎች ስልኮች ቁልፎቹ ሊለያዩ ይችላሉ) አንድ ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ይጫኑ፤ ወደ ቡትሎደሩ ገጽ ከተመለሰ ስልኩ አልሞተም፣ ጭነቱን ከመጀመሪያው ይድገሙት። ወደዚያ ገጽ ካልተመለሰ ራስዎ አይቀጥሉ፤ ፍላሽ የሚያደርግ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱና የጫኑትን ፋይል ስም በትክክል ይንገሩት።

ደረጃ 9፦ አሮጌውን ስልክ ለሁለት ሳምንት አይልቀቁ

ዋና ሲምዎን በአሮጌው ስልክ ላይ ትተው፣ አዲሱን በሁለተኛ ሲም ይጀምሩ። በየቀኑ አንድ ሥራ ብቻ ወደ አዲሱ ያዛውሩ፤ ሰኞ ቴሌግራም፣ ማክሰኞ ኢሞ፣ ረቡዕ ኢሜይል እያሉ ይሂዱ። ባንኩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ስልክ ሲቀየር ባንክዎ ቅርንጫፍ ቀርበው እንደገና እንዲመዘገቡ ሊጠይቅዎት ስለሚችል፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይጀምሩት።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ማሳወቂያን በልዩ ሁኔታ ይከታተሉ። ጎግል በሌለበት ስልክ መተግበሪያው ራሱ ከበስተጀርባ ነቅቶ መልእክት መጠበቅ አለበት፤ ስርዓቱ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ያስተኛዋል። ስልኩን ቆልፈው ለአንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይተዉትና ሰው በቴሌግራም እንዲጽፍልዎት፣ በኢሞም እንዲደውልልዎት ያድርጉ። ካልጮኸ በማስተካከያ ውስጥ የባትሪ ክፍልን ይክፈቱና ለእነዚያ መተግበሪያዎች ብቻ ቁጠባውን ያንሡ፤ በራሳቸው እንዲነሡም ይፍቀዱ። ለሁሉም መተግበሪያ ካነሡት ባትሪው እስከ ማታ አይደርስም።

በሁለቱ ሳምንታት መጨረሻ መዝገቡን እንደገና ያውጡ። ከመጀመሪያው ምድብ አንድ እንኳ ያልሠራ ካለና አጭር ቁጥርም ድረ ገጽም ካልተካው ስልኩን ይሽጡት። ሲሸጡት መለያዎን ከማስተካከያው ያስወጡ፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ይመልሱት፣ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፤ ለገዢውም የስርዓቱን ስሪትና የማይከፍተውን መተግበሪያ በስሙ ይንገሩት።